ሰባት ፍላሽ፣ አንድ ስህተት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አግዳሚ ወንበርና ወሬ። ጋዜጣችሁን የማነበው መብራት ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ብዙ አነባለሁ።

ባለፈው ስለ ተማሪዎች አሳይመንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አየሁት። ባጭሩ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ኢንሳይክሎፒዲያ፣ ዊኪፒዲያን፣ ማንም ስለሚጽፈው አይታመንም፣ ተማሪ ባይነካው ይሻላል ነው የምትሉት። ግማሹ እውነት ነው። ማንም ይጽፈዋል። "አይንካው" የምትለዋ ግን አልተዋጠችልኝም። ይነካዋላ! እኔ ነኝ አትሜ የምሰጠው። ከመጽሐፍ የተሠራ አሳይመንት ካተምኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

ነገሩን ከደረሰብኝ ልጀምር። በቅርቡ ተማሪዎች አንድ ዓይነት የቤት ሥራ ይዘው ይመጡ ጀመር። የአንድ የቋንቋ አጥኚን የሕይወት ታሪክ ከኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ አንብቡና ጥራቱን ገምግሙ ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ጥሩ የቤት ሥራ አይቼ አላውቅም። አስተማሪውን አላውቀውም እንጂ ቡና በጋበዝኩት። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። በአንድ ሳምንት ሰባት ፍላሽ መጣልኝ፤ ሰባቱም ስለ ዎልፍ ሌስላው። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው በኛ ቋንቋዎች ላይ ነው። ግን ሰባቱም ላይ ሌስላው የተወለደው በ1898 ዓ.ም. ነው ይላል። ያረፈው ደግሞ በ1998።

የፊደል ስህተት ሳርም ስለምውል ቁጥር ላይ ዓይኔ ይቆማል። የፈረንጁን ገጽ ከፈትኩት። ሌስላው የተወለደው ኖቬምበር 14 ቀን 1906፣ ያረፈው ኖቬምበር 18 ቀን 2006 ነው። መቶ ዓመት ከአራት ቀን ኖረ ማለት ነው፤ ይህ ራሱ የሚገርም ነገር ነው። ታዲያ ኖቬምበር ከመስከረም በኋላ ስለሆነ ወደኛ ሲመለስ የሚቀነሰው ሰባት ነው፣ ስምንት አይደለም። ህዳር 5 ቀን 1899 ተወልዶ ህዳር 9 ቀን 1999 አረፈ። ቴሌግራም ላይ የሚዞር የዚህ ገጽ አንድ የአማርኛ ትርጉም አለ አሉ፣ ሰባቱም ከዚያ ነው የገለበጡት። የተረጎመው ሰው ሁለቱም ጋ ስምንት ቀንሷል። የዚህ ስህተት ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሁለቱም ጋ እኩል ስለተሳሳተ ዕድሜው ሲሰላ ልክ መቶ ይመጣል። ደምሮ ለማረጋገጥ የሞከረ ተማሪ እንኳ ቢኖር ስህተቱ አይያዝለትም። ራሱን የሚደብቅ ስህተት ይሏችኋል ይህ ነው።

(ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው። የኛን ስጠራ እናገራለሁ።)

ግምገማውስ ምን ይላል? ከሰባቱ ስድስቱ ያው ናቸው። "ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ፎቶ አለው፣ ማጣቀሻው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ጥራቱን የጠበቀ ነው።" አባቴ ነፍሱን ይማረውና ቡና መጋዘን ነበር የሚሠራው። ቡና ሲረከብ የጆንያውን አፍ ፈቶ ከላይ አይቶ አያውቅም። እጁን እስከ ክንዱ ከቶ ከመሀል ይዘግናል፤ ከላይማ ሁሉም ያማረውን ነው የሚያደርገው። የዘገነውን ሰፌድ ላይ በትኖ ጥቁሩን፣ የተሰባበረውን፣ ጠጠሩን ይቆጥራል። "ጅማ አምስት" የሚባለው ደረጃ የወጣው ጉድለት ተቆጥሮ ነው እንጂ ጆንያው ትልቅ ስለሆነ አይደለም።

ደረጃ ካነሳሁ አይቀር፣ ዊኪፒዲያም የራሱ ደረጃ አለው። በእንግሊዝኛው በየገጹ ጀርባ "ውይይት" የሚባል ሌላ ገጽ አለ፤ እዚያ ጽሑፉ ገና ጅምር ነው፣ መካከለኛ ነው፣ ጥሩ ነው እየተባለ ይመዘናል። አብዛኛው ተማሪ ይህ ገጽ መኖሩን አያውቅም፣ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አላውቅም ነበር። አያያዙን ግን ማወቅ ነው። ታችኞቹን ደረጃዎች የሚሰጠው ያው እንደ ጸሐፊው በፈቃደኝነት የሚሠራ ማንኛውም ሰው ነው። ደረጃው ከተሰጠ ቆይቶ ከዚያ ወዲህ ጽሑፉ ተለዋውጦም ይሆናል። ስለዚህ "ታሪክ" የምትለዋን መጫን ነው። ማን መቼ ምን ጨመረ፣ ማን ምን ሰረዘ፣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ሁሉም ተቀምጧል። በወረቀት የታተመ የትኛው መጽሐፍ ነው ስርዝ ድልዙን የሚያሳያችሁ? ጋዜጣችሁስ ያሳያል? (አትቀየሙኝ።)

አሁን ወደ ማጣቀሻው። "ማጣቀሻው ብዙ ነው" ብሎ የጻፈ ልጅ ስንቱን ከፍተሃል ብለው አንዱንም። ሃያ ቁጥር ተደርድሮ ሃያውም ወደ አንድ የሐዘን መግለጫ ሊወስድ ይችላል። የሐዘን መግለጫ ደግሞ ሟችን አያማም። ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ሰው ከራሱ አውጥቶ ገጹ ላይ ይጽፋል፣ ጋዜጠኛ ከዚያ ወስዶ ያትማል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ጋዜጣውን ማስረጃ አድርጎ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ክቡ ተዘጋ። ውሸቱ ዞሮ መጥቶ ራሱን መሰከረ። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ቁጥር ምረጥ፣ ክፈት፣ የተባለው ነገር እውነት እዚያ መጻፉን አንብብ፣ የታተመበትን ቀንም እይ። ሦስት ያህል እንዲህ ከተፈተሸ ስለሌላው ብዙ ነገር ይገባሃል።

ይህ ሁሉ ግን ለማንም ሰው የሕይወት ታሪክ ይሠራል፣ ለእግር ኳስ ተጫዋችም ቢሆን። የቋንቋ አጥኚ ሲሆን ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ ነገር፣ እኛ አገር የቋንቋ አጥኚ ማለት ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው ይመስለናል። ያ የቴሌግራም ጽሑፍም ሌስላው ይህን ያህል ቋንቋ እንደ ውሃ ይጠጣ ነበር እያለ ያንቆለጳጵሳል። ብዙ ቋንቋ መናገርማ ጅማ መርካቶ ሂዱ፣ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት ሦስቱን ትናገራለች። አጥኚ የሚያሰኘው ሥራው ነው። ሌስላው በ1979 ያሳተመው የጉራጌኛ መዝገበ ቃላት ሦስት ትልልቅ ጥራዝ ነው። አሥራ ሁለት የጉራጌ አነጋገሮችን ይዞ፣ ቸሃው፣ እዣው፣ ሶዶው፣ ስልጤው እንዴት እንደሚለው እያስቀመጠ የቃሉን ምንጭ ይመረምራል። በ1987 የግዕዝን መዝገበ ቃላት ከሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር እያነጻጸረ አወጣ። በ1995፣ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ላይ ሆኖ፣ የአማርኛን ሰዋስው በዚያ ሁሉ ገጽ አሳተመ። የቴሌግራሙ ጽሑፍ ላይ ታዲያ ሌስላው በጦርነቱ ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ካምፕ መታሰሩና በ1942 አሜሪካ መግባቱ ሦስት አንቀጽ ወስዷል። የጉራጌኛው መዝገበ ቃላት ግማሽ መስመር። መታሰሩ አይጻፍ አላልኩም፣ ይጻፍ። ግን ሰውየው ገጽ ያገኘው በመዝገበ ቃላቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ክርክር የሌለበት የምሁር ታሪክ ካያችሁ ጠርጥሩ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሱቅ ጎረቤቴ ቸሃ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ደግሞ ስልጤ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚያወሩት በአማርኛ ነው፤ ሲናደዱ በኦሮምኛ። እንዴት ነው በየራሳችሁ ቋንቋ የማትግባቡት ስላቸው ይስቁብኛል። ሮበርት ሄትዝሮን የሚባል ሌላ አጥኚ በ1972 ባሳተመው ሥራ፣ በአንድ ላይ ጉራጌኛ እየተባሉ የሚጠሩት ቋንቋዎች ከአንድ ቅርንጫፍ የወጡ አይደሉም ብሎ ተከራክሯል። በሱ አከፋፈል ስልጤ ከሐረሪ ጋር ይሄዳል፣ ቸሃ ደግሞ ከጋፋት ወገን ነው። ሌስላው ከሰባት ዓመት በኋላ መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ አሥራ ሁለቱንም በአንድ ርዕስ ስር ነው ያስቀመጣቸው። ማን ልክ ነው የሚለውን ለባለሙያው እተወዋለሁ። ግን የሕይወት ታሪኩ ይህን ክርክር በሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ካልነካው፣ ያነበብነው ስለ ሐውልት እንጂ ስለ ሰው አይደለም።

ሦስተኛው የቀን ቅደም ተከተል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ደስ ስለሚለኝ። ጋፋት የሚባል ቋንቋ ነበር፣ በጎጃም ዓባይ ዳር ይነገር የነበረ፣ ዛሬ የጠፋ። የቴሌግራሙ ጽሑፍ "ሌስላው ጎጃም ወርዶ የመጨረሻዎቹን ተናጋሪዎች አግኝቶ በ1945 ስለ ጋፋት መጽሐፍ አሳተመ" ይላል። ያምራል አይደል? ተረት ይመስላል። ግን ሌስላው ተናጋሪዎቹን ያገኘው በ1947 ነው። ታዲያ የ1945ቱን መጽሐፍ ከየት አመጣው? መልሱ ከተረቱ ይበልጣል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ አገራችን መጥቶ በነበረ ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ ጋፋት አስተርጉሞ ይዞ ሄዶ ነበር። ያ የብራና ጽሑፍ እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ተቀምጦ ኖረ። ሌስላው የመጀመሪያውን የጋፋት መጽሐፍ የጻፈው ተናጋሪ ሳያይ ያንን ጽሑፍ ይዞ ነው። ከዚያ በኋላ ነው አገር ቤት መጥቶ፣ ስንት ደክሞ፣ ቋንቋውን የሚችሉ አራት ሰዎች ያገኘው። ሁለተኛው፣ የተሟላው የጋፋት ጥናት የወጣው በ1956 በፈረንሳይኛ ነው። ሁለቱን ቀኖች ብቻ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ ጽሑፉ የት ጋ እንደተሰፋ ያያል። መጽሐፉን ማግኘት እንኳ አያስፈልገውም።

እንግዲህ እነዚያ አራት ሰዎች። እነሱ ላይ ነው እኔ የቀረሁት። የቴሌግራሙ ጽሑፍ ውስጥ "አራት አዛውንቶች" ተብለው አልፈዋል፤ ስም የለም፣ መንደር የለም። ሰባቱም ተማሪዎች አላስተዋሉትም። እኔ ብገመግም ግን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ይሆን ነበር። የቋንቋ አጥኚ ብቻውን አይሠራም። የሚነግረው ሰው አለ፣ የሚያርመው ሰው አለ፣ "እንዲህ አይባልም" የሚለው ሰው አለ። የሕይወት ታሪኩ ያንን ሰው ከዋጠው ጽሑፉ ጎደሎ ነው፤ ሃምሳ ማጣቀሻ ቢኖረውም። የ1956ቱ መጽሐፍ በእጁ ያለ ሰው ካለ ይግለጠውና ስማቸው ካለ ገጹ ላይ ያስገባው።

ጥያቄው ለሌስላው ብቻ አይደለም። ሂዮብ ሉዶልፍን ውሰዱ። ጀርመናዊው ሉዶልፍ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው በ1698 አሳተመ፣ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይባላል፣ ኢትዮጵያን ግን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። አማርኛውን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሮም ተዋወቁ፣ በ1652 ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄደው አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ፤ የሰዋስውን መጽሐፍ አላዩትም። የሉዶልፍን ገጽ የምትገመግም ልጅ አባ ጎርጎርዮስ ስንት መስመር እንደተሰጣቸው ትቁጠር። ከዚያ የራሳቸው ገጽ እንዳላቸው ትይ።

ከሁሉም በላይ ግን ለኛ ለጅማዎች የሚቀርበን ሌላ ነው። ከሰባቱ ተማሪዎች አንዷ የሊሙ ልጅ ነች። ሰባተኛዋ፣ ግምገማዋ ከስድስቱ የተለየው እሷ ነች፤ "ጽሑፉ ጥሩ ነው ግን ሁሉም ነገር ያደረገው እሱ ብቻ ይመስላል" ብላለች። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይ ማተሙን አቆምኩና "አንቺ፣ አስቴር ጋኖን ታውቂያታለሽ?" አልኳት። "የት ነው የምትማረው ጋሼ?" አለችኝ። ሳቅኩ፣ ግን ሳቁ አልቆየም።

አስቴር ጋኖ ነጻ ሆና ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ለባርነት የተዳረገች ሴት ነች። እዚሁ፣ እዚህ ጎረቤት። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧት በጀልባ ሲያሻግሯት የጣሊያን መርከቦች አስጥለው ኤርትራ ወሰዷት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ የሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት። ኦሮምኛ ላይ ያላትን ችሎታ ሲያዩ መዝገበ ቃላት እንድታሰናዳ አደረጉ፤ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ቃል ከራሷ ትውስታ ሰበሰበች። አገሯን ጥላ፣ ባሕር ዳር ተቀምጣ፣ ከጭንቅላቷ እያወጣች! ተረቱንም ምሳሌውንም ዘፈኑንም ጽፋዋለች። በ1894 ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጡ። በ1899 የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ፤ የሚታወቀው በኦኔሲሞስ ስም ነው፣ በትርጉሙ ግን የእሷ ቃላት አሉበት። ኦኔሲሞስም ቢሆን ከኢሉባቦር በልጅነቱ ተሽጦ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው፣ ክብር ይገባዋል፣ አልቀንስበትም። ግን የእሱን የሕይወት ታሪክ የሚገመግም ተማሪ አስቴር እንደ "ረዳት" ተጠቅሳ አልፋ እንደሆነ ወይም ሥራዋ በስሙ ተቆጥሮ እንደሆነ ይፈትሽ። ከቀኑ ስህተት ይህኛው ይከብዳል፤ ቀኑ በአንዲት ቁጥር ይታረማል።

የሊሙዋ ልጅ አሳይመንቱን ይዛ ተመለሰች፣ ሁለት ቀን ቆይታ ሌላ ፍላሽ አመጣች። ርዕሱን ወደ ኦኔሲሞስ ቀይራው፣ አስቴርን አስገብታ። ሌስላውን ለምን ተውሽው ብላት "ሌስላውን ስድስት ሰው ይዞታል" አለችኝ።

ወደናንተ ልመለስ። ተማሪ አይንካው ከምትሉ ገጹን እንዴት እንደሚዘግን ብታስተምሩት ይሻላል። በእንግሊዝኛ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለ፣ በአማርኛ አሥራ አምስት ሺህ ገደማ። ያን ያህል ያነሰው እኛ ስለማንጽፍ ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። የሌስላው ስም እንኳ በአማርኛ ሲጻፍ ሌስላው፣ ሌስላዉ፣ ሌዝሎ እየተባለ አንዱን ያየ ሌላውን አያገኝም። ጽሕፈት ቤት ስላለኝ እኔም ተጠያቂ ነኝ። አንድ ገጽ ላርም ብዬ ካሰብኩ ስንት ወሬ አለፈ፣ መብራትም መጣ፣ ደንበኛም መጣ፣ ቀረ።

አንዲት ነገር ግን ትቀራለች። ያው ጽሑፋችሁ፣ ኢንተርኔት አይታመንም ያለው፣ ሌስላውን "ጀርመናዊው ሊቅ" ብሎታል። ሰውየው የተወለደው ክሼፒጼ በምትባል ከተማ ነው፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ነች፣ እሱ ሲወለድ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች። ከአይሁድ ቤተሰብ ነው፣ የተማረው ፓሪስ፣ ያስተማረው ሎስ አንጀለስ፣ ያረፈው እዚያው ካሊፎርኒያ። ጀርመናዊው ሉዶልፍ ነው፣ ሁለቱን ሳታደባልቁ አልቀራችሁም። ማረሚያ አውጡ። የተወለደበትንም ቀን አብራችሁ በኛ አቆጣጠር ካስገባችሁት፣ ወሩ ህዳር ስለሆነ ሰባት ነው የምትቀንሱት።

አንባቢያችሁ
ከጅማ፣ ኮፒ ቤቱ